የትክትክ ባክቴሪያ የዘረመል ልዩነትና በሽታ የማምጣት ኃይሉ መጥፋት

ትክትክ በክትባት መከላከል ከሚቻሉ የሕፃናት በሽታዎች አንዱ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ግን ክትባት ሥራ ላይ ከዋለበት ጊዜ ጀምሮ በነበረበት አልቆየም፤ ዘረመሉ እየተለወጠ፣ አንዳንድ ክፍሎቹንም እየጣለ መጥቷል። ከዚህ በመነሳት «ባክቴሪያው ኃይሉን እያጣ ከሆነ ክትባት ለምን ያስፈልጋል?» ወይም በተቃራኒው «ባክቴሪያው ከተለወጠ ክትባቱ ምን ይጠቅማል?» የሚሉ ጥያቄዎች ሊነሱ ይችላሉ።

ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። ፍሬ ነገሩ በአጭሩ የሚከተለው ነው።

• ባክቴሪያው በሽታ የማምጣት ኃይሉን ሙሉ በሙሉ የሚያጣው በአብዛኛው በቤተ ሙከራ ውስጥ ነው።
• በሕዝብ መካከል የሚዛመተው ባክቴሪያ የሚጥለው አንድ ወይም ሁለት ክፍሎችን ብቻ ነው፤ ዋናው መርዙ ከእርሱ ጋር ይቀራል።
• ስለዚህ በሽታው በራሱ ጊዜ ይለዝባል ብሎ መጠበቅ ሕፃናትን ለአደጋ ያጋልጣል፤ ክትባትን በወቅቱ ማስጀመርና ማስጨረስ ዛሬም ዋነኛው መከላከያ ነው።

1. ትክትክ ምን ዓይነት በሽታ ነው?

ትክትክ ቦርዴቴላ ፐርቱሲስ በተባለ ባክቴሪያ አማካይነት የሚመጣ የመተንፈሻ አካላት በሽታ ነው። ባክቴሪያው በተፈጥሮ የሚኖረው በሰው ላይ ብቻ ሲሆን፣ የታመመ ሰው ሲያስልና ሲያስነጥስ በሚወጡ ጥቃቅን ጠብታዎች ይተላለፋል። በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ቢታመም፣ የመከላከል አቅም ከሌላቸው የቤተሰቡ አባላት አብዛኞቹ ሊያዙ ይችላሉ።

በሽታው ሲጀምር እንደ ተራ ጉንፋን ስለሚመስል ትኩረት አይሰጠውም። ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ፋታ የማይሰጥ ተከታታይ ሳል ይጀምራል። ሕፃኑ ትንፋሽ እስኪያጥረው ድረስ ያስላል፤ በመጨረሻም አየር ለመሳብ ሲታገል የሲቃ ድምፅ ያሰማል፣ ብዙ ጊዜም ያስታውከዋል። ሳሉ ለብዙ ሳምንታት ስለሚቆይ በቻይናና በጃፓን «የመቶ ቀን ሳል» የሚል ስም ተሰጥቶታል።

በሽታው ከሁሉ ይልቅ የሚከፋው ዕድሜያቸው ከስድስት ወር በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ ነው። በእነዚህ ሕፃናት ላይ የታወቀው የሲቃ ድምፅ ላይሰማ ይችላል፤ በምትኩ ትንፋሻቸው ለአፍታ ሊቋረጥ፣ ከንፈራቸው ሊጠቁር ወይም ሊሰማያዊ፣ የሳንባ ምች ሊከተላቸው ይችላል።

2. ባክቴሪያው በሽታ የሚያመጣው በምንድን ነው?

አንድ ባክቴሪያ በሽታ የማምጣት ኃይል አለው የሚባለው ወደ ሰውነት ገብቶ ለመጣበቅ፣ ከመከላከያ ሕዋሳት ለማምለጥና ጉዳት ለማድረስ የሚያስችሉ ክፍሎች ሲኖሩት ነው። የትክትክ ባክቴሪያ ዋና ዋና መሣሪያዎች የሚከተሉት ናቸው።

• የትክትክ መርዝ፦ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ተጠቃው ቦታ እንዳይደርሱ ያውካል፤ በሕፃናት ደም ውስጥ የነጭ ሕዋሳት ቁጥር እጅግ እንዲያሻቅብ የሚያደርገውም እርሱ ነው። ይህን መርዝ የሚሠራው የትክትክ ባክቴሪያ ብቻ ነው።
• መጣበቂያ ፕሮቲኖች፦ ፊላሜንተስ ሄማግሉቲኒን፣ ፊምብሪያና ፐርታክቲን ይባላሉ። ባክቴሪያው የአየር ቧንቧን ግድግዳ የሙጥኝ ብሎ እንዲይዝ ያግዙታል።
• አዴኒሌት ሳይክሌዝ የተባለ መርዝ፦ ባክቴሪያን የሚውጡ የመከላከያ ሕዋሳትን ሥራ ያስተጓጉላል።
• የአየር ቧንቧ ሕዋሳትን የሚገድል መርዝ፦ አክታን ጠርገው የሚያወጡትን ጥቃቅን ፀጉር መሰል ሕዋሳት ያጠፋል።

ክትባት የሚሠራው ሰውነት እነዚህን ክፍሎች አስቀድሞ እንዲያውቃቸው በማድረግ ነው። ስለዚህ የትኛው ክፍል በባክቴሪያው ላይ እንዳለ፣ የትኛውም እንደጠፋ ማወቅ ለክትባት ዝግጅት ወሳኝ ነው።

3. በቤተ ሙከራ ውስጥ የሚታየው የኃይል መጥፋት

ባክቴሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይተው ያሳደጉት ዡል ቦርዴና ኦክታቭ ዣንጉ የተባሉ የቤልጅግ ሳይንቲስቶች ሲሆኑ፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1906 ነበር። ያሳደጉትም ከድንች፣ ከደምና ከግሊሰሪን በተዘጋጀ ማብቀያ ላይ ነው። ይህ ግኝት ክትባት ለመሥራት በር ቢከፍትም የመጀመሪያዎቹ ክትባቶች ውጤት ወጥ አልነበረም፤ አንዱ ሲከላከል ሌላው ሳይከላከል ይቀር ነበር።

ከምክንያቶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1931 ታወቀ። ሌስሊና ጋርድነር የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ባክቴሪያው በማብቀያ ላይ ደጋግሞ ሲራባ ባሕርይው እንደሚለወጥ አሳዩ። ለውጡንም በአራት ደረጃዎች ከፈሉት። ከታማሚ ሰው አዲስ የተወሰደው ባክቴሪያ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ የሚገኝ ሲሆን ሙሉ ኃይል አለው። በቤተ ሙከራ እየቆየ ሲሄድ ወደ አራተኛው ደረጃ ይወርዳል፤ በዚያን ጊዜ መርዙንም መጣበቂያዎቹንም ያጣል። መልኩ ትክትክ ይመስላል፤ በሽታ ግን አያመጣም። ከእንዲህ ያለ ባክቴሪያ የተሠራ ክትባትም ሰውነትን የሚያስተምረው ነገር የለውም።

ይህ ዕውቀት በተግባር ላይ የዋለው ብዙም ሳይቆይ ነው። ፐርል ኬንድሪክና ግሬስ ኤልደሪንግ የተባሉ ሁለት ሴት ሳይንቲስቶች በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ግራንድ ራፒድስ ከተማ፣ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የሚያስሉ ሕፃናትን ቤት ለቤት እየዞሩ ሳላቸውን በማብቀያ ሳህን ላይ ይቀበሉ ነበር። ከዚህ በተገኘ ትኩስና ሙሉ ኃይል ባለው ባክቴሪያ ያዘጋጁት ክትባት ሕፃናትን እንደሚከላከል በጥንቃቄ በተካሄደ ሙከራ አረጋገጡ። ዛሬም ክትባት አምራቾች ባክቴሪያውን ከአንድ ከተመሰከረለት የዘር ክምችት የሚያራቡትና በየጊዜው የሚፈትሹት በዚሁ ምክንያት ነው።

የኃይል መጥፋት ሁልጊዜ ዘላቂ አይደለም። ሌሲ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960 እንዳሳየው፣ ባክቴሪያው በቀዝቃዛ ሙቀት ወይም ማግኒዥየም ሰልፌት በበዛበት ማብቀያ ላይ ሲያድግ መሣሪያዎቹን መሥራት ያቆማል፤ ወደ ሰው ሰውነት ሙቀት ማለትም ወደ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲመለስ ግን እንደገና ይሠራቸዋል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት የኃይል መጥፋት እንዳለ ታወቀ፤ አንደኛው ጊዜያዊ፣ ሁለተኛው ዘላቂ ነው።

የሁለቱንም ምንጭ ያሳየው የዘረመል ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሊሰን ዋይስና ስታንሊ ፋልኮው፣ በኋላም ሌሎች ተመራማሪዎች፣ የባክቴሪያውን መሣሪያዎች በአንድነት የሚያዝዝ አንድ የዘረመል ክፍል አገኙ። ይህ ክፍል ቢቪጂ ተብሎ ይጠራል። ሁለት ፕሮቲኖች ያሉት ሲሆን፣ አንዱ በባክቴሪያው ሽፋን ላይ ሆኖ አካባቢውን ይቃኛል፤ ሌላው ከቃኚው መልእክት ተቀብሎ መሣሪያ የሚሠሩትን ዘረመሎች ያስነሳል። በቤት ውስጥ ካለ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ ጋር ሊመሳሰል ይችላል፤ አንዱ ማብሪያ ሲጠፋ ሁሉም አምፖሎች አብረው ይጠፋሉ።

ጊዜያዊው ለውጥ ማብሪያውን እንደ መዝጋት ነው። ዘላቂው ለውጥ ደግሞ ማብሪያውን እንደ መስበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በቢቪጂ ዘረመል ውስጥ አንድ ዓይነት ፊደል ተደጋግሞ በተጻፈበት ቦታ አንድ ፊደል ብቻ ቢጨመር ንባቡ ይዛባል፤ ቃኚው ፕሮቲንም በትክክል አይሠራም። በአንድ ፊደል ስሕተት ባክቴሪያው መሣሪያዎቹን ሁሉ ያጣል ማለት ነው።

በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ይህ ስሕተት ባክቴሪያውን አይጎዳውም፤ እንዲያውም መርዝ ለመሥራት ጉልበት ስለማያባክን በፍጥነት ይራባል። በሕፃን ጉሮሮ ውስጥ ግን መጣበቅ የማይችል፣ ከመከላከያ ሕዋስም የማያመልጥ ባክቴሪያ በቀላሉ ይወገዳል። ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው ኃይሉን የጠበቀው ስለሆነ፣ በሕዝብ መካከል የሚገኘው ባክቴሪያ በአጠቃላይ ሙሉ ኃይል ያለው ሆኖ ይገኛል።

4. ዘረመልን መጣል ከድክመት ጋር አንድ አይደለም

የባክቴሪያው ጠቅላላ ዘረመል ተነቦ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ንባቡ ወደ 4.1 ሚሊዮን የሚጠጉ ፊደላት እንዳሉት አሳይቷል። በብዙ እንስሳት ላይ የሚገኘውና በአብዛኛው ቀለል ያለ፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ሕመም የሚያመጣው የቅርብ ዘመዱ ቦርዴቴላ ብሮንኪሴፕቲካ ግን ከ5.3 ሚሊዮን በላይ ፊደላት አሉት። የትክትክ ባክቴሪያ እንዲህ ካለ ቅድመ አያት ተነጥሎ ሰው ላይ ብቻ መኖር ሲጀምር፣ የማያስፈልጉትን ብዙ ዘረመሎች ጥሏል፤ ሌሎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘረመሎችም ተሰብረው ከሥራ ውጭ ሆነዋል።

ዘረመሎችን የጣለው ባክቴሪያ ግን ከዘመዱ ይልቅ ለሰው እጅግ አደገኛ ሆነ። ስለዚህ አንድ ባክቴሪያ ዘረመል ማጣቱ ብቻውን «ደከመ» ለማለት አያበቃም። መታየት ያለበት የጠፋው ክፍል ምን ሥራ እንደነበረውና የቀረው ክፍል ምን ማድረግ እንደሚችል ነው።

ከዚህ ለውጥ በስተጀርባ ከሚጠቀሱት ነገሮች አንዱ አይኤስ481 የሚባል ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘል አጭር የዘረመል ቁራጭ ነው። በባክቴሪያው ዘረመል ውስጥ ከ200 በላይ ቅጂዎች አሉት። ይህ ቁራጭ በሌላ ዘረመል መካከል ሲገባ ያንን ዘረመል ይሰብረዋል። በሌላ በኩል ብዙ ቅጂ ስላለው ለምርመራ ይጠቅማል፤ ከአፍንጫ ጀርባ በሚወሰድ ናሙና ላይ በሚደረግ የፒሲአር ምርመራ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ይኸው ቁራጭ ነው።

5. ክትባት በተስፋፋባቸው አገሮች የታየው ለውጥ

የትክትክ ክትባት ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ሙሉ ሕዋስ ያለው ክትባት ሲሆን፣ የተገደለውን ባክቴሪያ ከነብዙ ክፍሎቹ ይይዛል። ሁለተኛው ሕዋስ አልባ ክትባት ነው፤ ከባክቴሪያው ተለይተው የተጣሩ ጥቂት ፕሮቲኖችን ብቻ ይይዛል።

ሕዋስ አልባው ክትባት መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ከዚያ በፊት በ1975 በጃፓን ሁለት ሕፃናት ከክትባት በኋላ በመሞታቸው ክትባቱ ለጊዜው ተቋርጦ ነበር፤ ከቀጠለም በኋላ የሚከተቡ ሕፃናት ቁጥር እጅግ ቀንሶ ቆየ። ውጤቱ ከባድ ነበር። በ1979 ከ13,000 በላይ ሰዎች በትክትክ ታመሙ፤ 41 ሰዎች ሞቱ። ይህ ታሪክ ክትባት ሲቋረጥ በሽታው ምን ያህል በፍጥነት እንደሚመለስ ያስተምራል። ባክቴሪያው በመካከሉ አልደከመም፤ ያልተከተቡ ሕፃናት እስኪበዙለት ብቻ ቆይቷል።

ሕዋስ አልባው ክትባት ትኩሳትና እብጠትን ስለሚቀንስ በብዙ የበለጸጉ አገሮች ተተክቷል። ይሁን እንጂ የሚሰጠው የመከላከል አቅም ቶሎ ይደክማል፤ የባክቴሪያው ዘረመልም በእነዚህ አገሮች ሁለት ጎላ ያሉ ለውጦችን አሳይቷል።

የመጀመሪያው የትክትክ መርዝን መጠን የሚወስነው የዘረመል ክፍል ለውጥ ነው። በኔዘርላንድስ የተካሄደ ጥናት እንዳመለከተው፣ አዲሱ ዓይነት ባክቴሪያ ከቀድሞው የበለጠ መርዝ ያመርታል። ይህ ዓይነት ከ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዙ አገሮች የቀድሞውን እየተካ ሄዷል። ለውጡ ወደ ኃይል መጨመር እንጂ ወደ ኃይል መቀነስ አላመራም።

ሁለተኛው የፐርታክቲን መጥፋት ነው። ፐርታክቲን በብዙ ሕዋስ አልባ ክትባቶች ውስጥ የሚገኝ መጣበቂያ ፕሮቲን ነው። የተከተቡ ሰዎች ሰውነት ይህን ፕሮቲን ስለሚያውቀው፣ ፕሮቲኑን የማይሠራ ባክቴሪያ ከዕይታ የመሰወር ዕድል ያገኛል። በአውስትራሊያ ፐርታክቲን የሌላቸው ባክቴሪያዎች ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2008 ከመቶ 5 ያህል የነበረ ሲሆን፣ በ2012 ከመቶ 78 ገደማ ደርሷል። በአሜሪካም ተመሳሳይ መስፋፋት ታይቷል። በጃፓን ግን ፐርታክቲን የሌለባቸው ክትባቶች በብዛት ሥራ ላይ ሲውሉ የእነዚህ ባክቴሪያዎች ድርሻ ተመልሶ ቀንሷል። ይህም ለውጡን የሚገፋው የክትባቱ ይዘት መሆኑን ይጠቁማል።

ፐርታክቲንን ያጣው ባክቴሪያ መርዙን አላጣም። በፈረንሳይ በሕፃናት ላይ የተደረገ ንጽጽር ፐርታክቲን በሌለው ባክቴሪያ የተያዙ ሕፃናት ሕመም ካለው ጋር ተመሳሳይ ክብደት እንዳለው አሳይቷል። በአንጻሩ ክትባቱ ሌሎች ክፍሎችን፣ በተለይም የትክትክ መርዝን፣ ስለሚያካትት እነዚህን ባክቴሪያዎችም መከላከሉን ቀጥሏል።

6. ይህ ለኢትዮጵያ ወላጆች ምን ማለት ነው?

በአገራችን በመደበኛ የክትባት መርሐ ግብር የትክትክ መከላከያ የሚሰጠው ከአምስቱ በሽታዎች ክትባት ማለትም ከፔንታቫለንት ጋር ነው። ይህ ክትባት ትክትክን፣ ዘጊ አናዳን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ ሄፓታይተስ ቢንና ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ቢን ይከላከላል። በውስጡ ያለው የትክትክ ክፍል ሙሉ ሕዋስ ያለው ነው። ሰውነት በአንድ ጊዜ ብዙ የባክቴሪያውን ክፍሎች ስለሚማር፣ ባክቴሪያው አንዱን ቢጥል ሌሎቹ መታወቂያ ሆነው ይቀራሉ።

አገራችን ካለባት የትክትክ ሥጋት ውስጥ ቀዳሚው ያልተከተቡ ወይም ክትባታቸውን ያልጨረሱ ሕፃናት መኖር ነው። በአማራ ክልል በጃናሞራና በመቅደላ ወረዳዎች ተከስተው የነበሩት ወረርሽኞች በሽታው ክትባት ባልተሟላበት አካባቢ በቀላሉ እንደሚነሳ አሳይተዋል።

የክትባቱ ጊዜ እንደሚከተለው ነው።

• የመጀመሪያው፦ ሕፃኑ ስድስት ሳምንት ሲሆነው
• ሁለተኛው፦ አሥር ሳምንት ሲሆነው
• ሦስተኛው፦ አሥራ አራት ሳምንት ሲሆነው

አገልግሎቱ በመንግሥት ጤና ኬላዎች፣ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች በነፃ ይሰጣል። ወላጆች የክትባት ካርዱን ይዘው መቅረብ ይኖርባቸዋል፤ ካርዱ ቢጠፋም ክትባት መቅረት የለበትም። ቀጠሮ ያለፈበት ሕፃን ከመጀመሪያ እንዲጀምር አይደረግም፤ በሁለት ክትባቶች መካከል ቢያንስ አራት ሳምንት እየተጠበቀ ከቆመበት ይቀጥላል።

ከክትባቱ በኋላ መጠነኛ ትኩሳት፣ መነጫነጭ ወይም በተወጋው ቦታ ላይ እብጠት ሊታይ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይጠፋል። ከዚህ የከፋ ነገር ከታየ ሕፃኑን ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል።

7. ሕፃን ሲታመም ምን መደረግ አለበት?

ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ ተከታታይና ትንፋሽ የሚያሳጥር ሳል፣ ከሳል በኋላ ማስታወክ ወይም የሲቃ ድምፅ ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። የሚከተሉት ምልክቶች ደግሞ አስቸኳይ ናቸው።

• ትንፋሽ ለአፍታ መቋረጥ
• የከንፈር ወይም የፊት መጥቆር ወይም ሰማያዊ መሆን
• ጡት መጥባት አለመቻል
• ማንዘፍዘፍ ወይም ራስን መሳት

ትክትክ እንደ ኤሪትሮማይሲንና አዚትሮማይሲን ባሉ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ይታከማል። መድኃኒቱ በሽታው ሲጀምር ከተሰጠ ሕመሙን ሊያቀል ይችላል፤ ዘግይቶ ቢሰጥም ታማሚው በሽታውን ወደ ሌሎች እንዳያስተላልፍ ይረዳል። ታማሚው ተገቢውን መድኃኒት ለአምስት ቀን እስኪወስድ ድረስ ከጨቅላ ሕፃናት መለየት አለበት።

በዚህ ረገድም የዘረመል ለውጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እነዚህን መድኃኒቶች የሚቋቋም የትክትክ ባክቴሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው በአሜሪካ አሪዞና ግዛት እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሆን፣ በኋላ በቻይና በስፋት ተሰራጭቷል። መንስኤው በአንድ የዘረመል ፊደል ላይ የደረሰ ለውጥ ነው። ስለዚህ መድኃኒትን ያለ ባለሙያ ትእዛዝ መግዛት፣ ማቋረጥ ወይም ለሌላ ሕፃን ማካፈል አይገባም።

ሕፃኑ ስላሳለው እንጥሉን ማስቆረጥ ትክትክን አያድንም። ለደም መፍሰስና ለሌላ መመረዝ ስለሚያጋልጥ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

8. ኃይሉ ሆን ተብሎ የተነጠቀ ባክቴሪያ

የኃይል መጥፋት ዕውቀት አዲስ ክትባት ለመሥራትም እያገለገለ ነው። በፈረንሳይ ሊል ከተማ በፓስተር ተቋም በካሚል ሎክት የሚመራ ቡድን ሦስት መርዞቹ በዘረመል ማስተካከያ የከሸፉ ወይም የተቀነሱ፣ ሕያው የሆነ ባክቴሪያ አዘጋጅቷል። በአፍንጫ የሚሰጥ ሲሆን፣ ባክቴሪያው በሚገባበት በር ላይ የመከላከል አቅም ለመፍጠር የታለመ ነው። በሰዎች ላይም ሙከራ ተደርጎበታል። በመደበኛ አገልግሎት ላይ ያለውን ክትባት ግን አይተካም፤ ማንም ወላጅ አዲሱን እየጠበቀ ያለውን ማዘግየት የለበትም።

9. ተደጋጋሚ ጥያቄዎች

*ትክትክ የያዘው ሕፃን ዳግመኛ ሊታመም ይችላል?*
አዎ። በሕመምም ሆነ በክትባት የሚገኘው የመከላከል አቅም ከዓመታት በኋላ ይቀንሳል። ስለዚህ በሽታው ያገኘው ሕፃንም ክትባቱን መጨረስ አለበት።

*አዋቂ ሰው በትክትክ ይያዛል?*
ይያዛል። ብዙ ጊዜ ረጅም ሳል ብቻ ሆኖ ስለሚታይ አይታወቅም። ለጨቅላ ሕፃናት በሽታውን የሚያስተላልፉት አብዛኛውን ጊዜ አብረዋቸው የሚኖሩ ታላላቆቻቸው ናቸው፤ ስለዚህ የሚያስል ሰው አራስ ቤት መግባት የለበትም።

*ለነፍሰ ጡር እናት የሚሰጠው ክትባት ትክትክን ይከላከላል?*
በአገራችን ለነፍሰ ጡር እናቶች የሚሰጠው ክትባት መንጋጋ ቆልፍንና ዘጊ አናዳን የሚከላከል ሲሆን፣ የትክትክ ክፍል የለበትም። በአሜሪካና በብሪታንያ ለነፍሰ ጡሮች የትክትክ ክፍል ያለው ክትባት ይሰጣል፤ በእነዚህ አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እናቶች በእርግዝና ክትትላቸው ወቅት ሊጠይቁ ይገባል።

*ጎረቤት ሕፃን ቢያስለው ለማን ማሳወቅ ይቻላል?*
በአካባቢው ለሚገኝ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ለቅርብ ጤና ጣቢያ ማሳወቅ ይገባል። ቀድሞ የተነገረ አንድ ታማሚ ወረርሽኝ ሳይስፋፋ እንዲገታ ያስችላል።

ማጠቃለያ

የትክትክ ባክቴሪያ ይለወጣል። በማብቀያ ሳህን ላይ ሲኖር ኃይሉን ይጥላል፤ በሰው ላይ ሲኖር ግን የሚጥለው የሚያሳውቀውን ምልክት እንጂ የሚጎዳበትን መርዝ አይደለም። አንድ ሕፃን ስድስት ሳምንት እስኪሞላው ድረስ ክትባት ስለማያገኝ፣ በዚያ ጊዜ የሚጠብቀው የታላላቆቹ መከተብና የቤተሰቡ ጥንቃቄ ነው። ስድስት ሳምንት ሲሞላው ደግሞ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መውሰድ የወላጅ ኃላፊነት ነው።